ፍየሎቹ መድኃኒቱን ውጠው ነበር

ሴትዮዋን ውሸታም ያልኳቸው በሰው ፊት ነው። ቃሏን ከአፌ አላወጣኋትም፤ ተምሬያለሁ እንደሚል ሰው አለሳልሼ፣ «እርስዎ» እያልኩ ነው የተናገርኩት። ግን እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። እሳቸውም ገብቷቸዋል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሰቆጣ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለው ቤት ነው። አባቴ ጨርቅና ጨው ይነግዳል። ከገጠር የሚመጡት ደንበኞቹ ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣና ስለሆነ እኔም ጨርቅ ለመለካትና ሰላም ለማለት የሚበቃኝን ያህል ለቃቅሜያለሁ። ሰው ሲከፋው የሚናገረውን ለመረዳት ግን አይበቃኝም። ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ስመለስ የተመደብኩት ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። ክሊኒኩ ሁለት ክፍልና ከድንጋይ የተካበ በረት አለው። ማቀዝቀዣና ማይክሮስኮፕ ነበረው ይባላል፤ እኔ የደረስኩት ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ ሁለቱንም አላየኋቸውም። አብሮኝ የሚሠራው አንድ ረዳት ብቻ ነበር። የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚናገር፣ የሰዉን ከብት በቀለሙ ሳይቀር የሚያውቅ።

ክረምቱ ሲወጣ የትል ጊዜ ነው። ጨጓራ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለ፤ በጉም ፍየሉም ይከሳል፣ የዓይኑ ሽፋን ሲገለጥ ውስጡ እንደ ወረቀት ይነጣል፣ አገጩ ሥር ውኃ የቋጠረ ይመስል ያብጣል። ያን ዓመት መድኃኒቱ በቂ ነበር። ራቅ ካለ ቦታ የሚመጣ ሰው መንጋውን ሁሉ ነድቶ ማምጣት ስለማይችል ክኒኑን በቁጥር እንሰጠዋለን፣ እቤቱ ወስዶ ያስውጣቸዋል።

ሴትዮዋ ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። ቤታቸው ከክሊኒኩ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። በግ የላቸውም፤ ያላቸው ፍየል ብቻ ነው። አንድ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ሴት ልጃቸው ደግሞ ጋዝጊብላ አግብታ እዚያ ትኖራለች። ይህን ሁሉ የነገረኝ ረዳቴ ነው።

መጀመሪያ ክኒን ወስደው ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት አገጯ ያበጠ ፍየል እየጎተቱ ተመለሱና አልዳኑም አሉ። ምናልባት ተፍተውት ይሆናል ብዬ በድጋሚ ሰጠኋቸው፤ ምላስ ሥር ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አፉን ይዘው ይቆዩ ብዬ በምልክት አሳየኋቸው። ሁለተኛም ተመለሱ። በዚያው ጊዜ ዳገቱ ላይ ያሉት የበግ ባለቤቶች በጎቻቸው አገግመው እያመሰገኑኝ ነበር። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ካርቶኑም አንድ ነው። ታዲያ የሴትዮዋ ፍየሎች ለምን ተለዩ?

መልሱን የሰጠኝ ወሬ ነው። ሴትዮዋ ክኒኑን ለሁለት እየከፈሉ ግማሹን ጋዝጊብላ ላለችው ልጃቸው ይልካሉ፣ የልጅቷ ፍየሎችም ታመዋል ተባለ። ማን እንዳለው አላስታውስም። ወሬው ለጥያቄዬ ልክ ስለሆነልኝ ደስ እንዳለኝ ግን አስታውሳለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ የሕክምና ቀን ነበር፤ በረቱ ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ፍየሎቻቸው መሞት መጀመራቸውን በረዳቴ በኩል ነገሩኝ። እኔም ወደ እሳቸው ዞሬ እንዲህ አልኳቸው።

«እናቴ፣ መድኃኒቱ የሰዉን በጎች አድኗል። የእርስዎም ፍየሎች ውጠውት ቢሆን ኖሮ በዳኑ ነበር። ለልጅዎ አካፍለው ከሆነ ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።»

ረዳቴ ለመተርጎም አመነታ። አማርኛውን ግን እሳቸውም በደንብ ሰምተውት ነበር። ቀኝ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ጥቂት ቃል በኽምጣና ተናገሩ። ምን አሉ ብዬ ረዳቴን ጠየቅኩት። «ሰጥቻለሁ ነው የሚሉት» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። እሳቸው የፍየሏን ገመድ ሰብስበው መንገዱን ያዙ። ክኒን አልጠየቁም፣ እኔም አልሰጠኋቸውም። ሥራው ብዙ ስለነበር ቀጣዩን በግ አስገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ስናጣጥብ ረዳቴ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሴትዮዋ ያሉት «ሰጥቻለሁ» ብቻ አልነበረም። «ጣቴን እዪና ፍረጂ» ነው ያሉት። የፍየል የኋላ ጥርስ ስለት አለው፤ ክኒን ወደ ጉሮሮዋ ስትገፋ ካልተጠነቀቅክ ጣትህን ይቆርጥሃል። እጃቸውን የዘረጉት ቁስሉን ሊያሳዩኝ ነበር። እሱ አይቶታል። ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም ስለው፣ «በሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» አለኝ። እሳቸው ማፈራቸውን ግን ሁለታችንም አልከለከልንም።

በሳምንቱ መጨረሻ ሰቆጣ ወረድኩ። አባቴ ጣቃ እየጠቀለለ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ልክ ነሽ እንዲለኝ ፈልጌ ይመስለኛል። እሱ ግን ሲሰጡ አይተሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም። ሳይሰጡ ሲቀሩስ አይተሻል? እሱንም አላየሁም። ከዚያ ደንበኛ ገባና ተነሣ። ጉዳዩን ደግሞ አላነሣብኝም፤ ሁለቱ ጥያቄዎቹ ግን ከእኔ ጋር ቀሩ።

ሰኞ ወደ ክሊኒኩ ስመለስ ከካርቶኑ ውስጥ የመድኃኒቱን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩት። ስንት ጊዜ ያየሁት ወረቀት ነው። የሚሰጠው መጠን በክብደት ተዘርዝሯል፤ ከብት በአንድ መስመር፣ «በግና ፍየል» በሌላ መስመር። በዚያች «ና» ላይ ዓይኔ ቆመ። በግና ፍየል አንድ መስመር ላይ የገቡት በማን ምስክርነት ነው? ያን ጊዜ ነው አይጦቹ ትዝ ያሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በነጭ አይጦች ላይ ነበር። ጥናቱ ሰዎች ለሆድ ሕመም የሚጠጡት አንድ ቅጠል የጉበትን ሥራ ይለውጠዋል ወይ የሚል ነው። መድኃኒት ወደ ሰውነት ሲገባ ጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይቀበሉትና እየሰባበሩ ከሰውነት እንዲወጣ ያዘጋጁታል። ኢንዛይሙ ብዙና ብርቱ ከሆነ መድኃኒቱ ቶሎ ያልቃል፤ ደካማ ከሆነ ይቆያል። ይህን የምንለካበት ውድ መሣሪያ አልነበረንም። የነበረን የእንቅልፍ መድኃኒትና ሰዓት ነው። አይጡን እንወጋዋለን፣ እንቅልፍ ሲይዘው በጀርባው እናጋድመዋለን፣ ነቅቶ ተገልብጦ በአራት እግሩ እስኪቆም ድረስ እንጠብቃለን። ጉበቱ ፈጣን የሆነ አይጥ ቶሎ ይነቃል።

እንዳይበርዳቸው ከሥራቸው ጥጥ አነጥፍላቸው ነበር። ሮዝ እግሮቻቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ሆዳቸው ከፍ ዝቅ እያለ ይተኛሉ። መጀመሪያ ጢማቸው ይርገበገባል፣ ቀጥሎ አንድ እግር ይወራጫል፣ ከዚያ ድንገት ይገለበጡና ምንም እንዳልተፈጠረ ፊታቸውን ይጠርጋሉ። ብዙ ሰዓት እንዲህ እያየኋቸው ተቀምጫለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት የማይሆን ነገር ሆነብኝ። አንድ ክብደት ያላቸው፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበሉ፣ አንድ መጠን የተወጉ አይጦች ገሚሶቹ ቶሎ ተነሡ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከሰዓት በኋላው ሁሉ ተጋድመው ቀሩ። ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ አይጦቹን የሚመዝንልኝ ሠራተኛ ተሳስቷል የሚል ነበር። ሰውየው ጠንቃቃ ነበር፤ ያም ሆኖ ለአማካሪዬ ያመለከትኩት እሱን ነው። አማካሪዬ ሸምገል ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ወንድና ሴቱን ለይተሽ ጽፈሻል ወይ አለኝ። አልለየሁም ነበር። ለይቼ ስደግመው ነገሩ ግልጥ አለ። ወንዶቹ ነቅተው ሳጥናቸው ውስጥ ሲንጎራደዱ ሴቶቹ ገና ተኝተዋል። የወንድ አይጥ ጉበት ያን መድኃኒት የሚሰባብረው ኢንዛይም ከሴቷ እጅግ ይበልጣል።

ይህ ለሰውም ይሠራል ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይደለም አለኝ፤ በሰው ወንዱና ሴቷ በዚህ ነገር ያን ያህል አይራራቁም። ያንኑ የእንቅልፍ መድኃኒት ለክብደታቸው ተመጣጣኝ አድርገህ ብትሰጣቸው ትንሿ የቤት አይጥ በደቂቃዎች ትነቃለች፣ ውሻ ግን ለሰዓታት ይተኛል። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ተራ ክኒን ድመትን ይገድላታል፤ እሱን የምታስወግድበት ኢንዛይም እምብዛም የላትም።

«አይጧ የምትነግርሽ ስለ አይጥ ነው» አለኝ። «የሌላውን ራሱን ሌላውን ጠይቂ።»

ይህን በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ለፈተና አጥንቼዋለሁ። መመረቂያዬን ሳቀርብ ቆሜ አስረድቼዋለሁ። ከዚያ ወደ አገሬ ተመልሼ የበግን መጠን ለፍየል ሰጠሁና ፍየሎቹ ሲሞቱ ጥፋተኛ ያደረግኩት ሰው ነው።

ያን ሰኞ ግን ይህ ሁሉ ገና ጥርጣሬ ነበር፤ እንደገና በግምት መናገር አልፈለግኩም። ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር አብራኝ የተማረች ልጅ አለች፤ ማይክሮስኮፕ አዋሰችኝና በሚኒባስ ጭኔ ላይ ታቅፌው ወጣሁ። ከአባቴ ሱቅ ጨው ወሰድኩ። የእንስሳው እዳሪ፣ በጠጡ፣ በጨው ውኃ ሲበጠበጥ የትሉ እንቁላል ይንሳፈፋል፣ በማይክሮስኮፕም ይታያል። ረዳቴ የራሱን በጎችና ፍየሎች ሰጠኝ፤ አንድ ቦታ የሚውሉ፣ አንድ በረት የሚያድሩ። ሁሉንም መዘንን፣ በወረቀቱ መሠረት ክኒኑን ራሴ አስዋጥኳቸው። ሦስተኛዋ ፍየል ላይ ስደርስ ጣቴን ያዘችኝ፤ ደሜ ወረደ። ረዳቴ አየና ቀጣዩዋን ፍየል ያዘልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በጠጣቸውን አየሁ። በጎቹ ንጹሕ ነበሩ፤ አንድ ሁለት እንቁላል ፈልጌ ባገኝ ነው። ፍየሎቹ ጋ ግን ማይክሮስኮፑ ሥር ሞልቷል። ተነሥቼ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ የተቀላቀለብኝ እንደሆነ ብዬ ከሌላ በጠጥ ደገምኩት። ያው ነው።

ለአማካሪዬ ደወልኩ። ነገሩን ሲሰማ አልተደነቀም። የፍየል ጉበት ይህን የትል መድኃኒት ከበግ ፈጥኖ እንደሚያስወግደው፣ መድኃኒቱ ትሉ ላይ በቂ ጊዜ ሳይቆይ እንደሚያልቅ፣ ፍየል ከፍ ያለ መጠን እንደሚያስፈልጋት ነገረኝ። ከተጻፈም ቆይቷል አለ። «አንቺም አንብበሽዋል፤ እኔ ነኝ ያስነበብኩሽ» አለኝ። የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም፤ እንዲያው ያዘነ ይመስል ነበር። አዲስ ያረገዙትን እንድለያቸው አስጠነቀቀኝ፤ መድኃኒቱ ሲበዛ በሆዳቸው ያለውን ይጎዳል።

አዲስ ያረገዙትን ለይተን ለቀሩት ፍየሎች እጥፍ ሰጠናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በማይክሮስኮፑ የማየው እንቁላል እንደ በጎቹ ጥቂት ሆነ። ትሉ ራሱ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ ግን ያው ትል ነው በጎቹ ውስጥም የነበረው፣ ሣሩም በረቱም አንድ ነው። የሚለየው ጉበቱ ነበር።

ያን ሳምንት ከረዳቴ ጋር ወደ ሴትዮዋ ቤት ወጣን። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ተቀመጡ አሉን። ከፍየሎቻቸው አራት ሞተው ነበር፤ አንዷ ወተቷ ለልጅ ልጃቸው የሚታለብ ናት። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኳቸው። መድኃኒቱን በትክክል እንደሰጡ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ የሰጠኋቸው መጠን ለበግ እንጂ ለፍየል እንደማይበቃ። ረዳቴ እየተረጎመ ነበር፤ መሐል ላይ በእጃቸው አስቆሙትና በአማርኛ ጠየቁኝ።

«በግና ፍየል አንድ አለመሆኑን አሁን ነው ያወቅሽው?»

ተነሡና በአፋፉ በኩል ያለውን ቁጥቋጦ አሳዩኝ። ቅጠሉን ቀምሼ ተፋሁት፤ ይመራል። ፍየሎቻቸው ያን ሲበሉ ይውላሉ፤ የጎረቤት በግ አንድ ቀን በልታው ተነፍታ ሞታለች።

«እሷን የገደለ ለኔዋ ራቷ ነው» አሉ። «ሆዳቸው አንድ መስሎሽ ነው?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሺም እንቢም አላሉም። ወደ ምስራቸው ተመለሱና፣ «የተናገርሽኝ በረቱ ጋ ነው፤ እዚያው ንገሪያቸው» አሉኝ።

በሚቀጥለው የሕክምና ቀን ሰዉ ሲሰበሰብ ተናገርኩ። በአማርኛ ጀምሬ ዋናውን ቃል፣ ሴትዮዋ እውነት ተናግረዋል የሚለውን፣ ረዳቴ እንዳስጠናኝ በኽምጣና ደገምኩት። አነጋገሬ ያሳቃቸው ነበሩ። እሳቸው ከኋላ ቆመዋል፤ ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ አንድ አዛውንት የእኔም ፍየሎች አልዳኑም ነበር አሉ። ሌላ ሰውም ተከተለ፣ ሌላም። ለምን አልነገራችሁኝም ስላቸው፣ አንዱ ዓመቱ ክፉ ነው ብዬ ተውኩት አለ፤ ሌላው ሴትዮዋ የተባሉትን ሰምቶ እኔንም እንዳትለኝ ብሎ ፈርቶ ቀርቷል። የእኔ ቃል ከፍየሎቹ ሌላ ምን እንዳደረገ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም መጥቶ ያላማረረው፣ አንዳንዱ ዝም እንዲል እኔ ስላደረግኩት ጭምር ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ «በግና ፍየል» የሚለውን መስመር በብዕር ለሁለት ከፍዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ያየሁትንም ሁሉ ጽፌ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ላክሁ። እዚያ ያሉትም እንደ አማካሪዬ አልተደነቁም፤ ይታወቃል ብለው መለሱልኝ። የሚታወቅ ነገር እስከ እኛ በረት ድረስ ለመምጣት ይህን ያህል መንገድ እንደነበረበት ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት።

ከሴትዮዋ ጋር ወዳጅ ሆንን ብል ውሸት ነው። የሞቱት ፍየሎች ሞተዋል፤ ለልጅ ልጃቸው የምትታለብ ሌላ ፍየል እስክትወልድ ሲጠብቁ ቆይተዋል። አሁንም ይመጣሉ፤ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ፍየል እናወራለን፣ ከዚያ አያልፍም። አዲስ መድኃኒት ባወጣሁ ቁጥር ግን እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ይጠይቁኛል።

«ይኼ በፍየል ታይቷል?»

ታይቶ ከሆነ ታይቷል እላለሁ። ባለፈው ሰሞን የመጣው ለእከክ የሚወጋ መድኃኒት ነበር፤ ወረቀቱ ስለ በግ በሰፊው ይናገራል፣ ስለ ፍየል ግን አንድ ቃል የለውም። አላውቅም አልኳቸው። እሳቸውም ካመጧቸው ፍየሎች ሁለቱን ብቻ ለይተው ወደ በረቱ አስገቡልኝ። የቀሩትን እነዚህን ካየሁ በኋላ አመጣለሁ ብለው መንጋቸውን ነድተው ሄዱ፤ እኔም የሁለቱን ክብደት መመዘን ጀመርኩ።